ትዝታ የሌለው ሠዓሊ

በሲኒማ መጋረጃ ላይ ሲሮጥ የምናየው ሥዕል በእውነቱ ከቶ የማይሮጥ መሆኑን፣ እርስ በርሳቸው በጥቂቱ የሚለያዩ ብዙ ሥዕሎች በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ጊዜ እየተፈራረቁ በዓይናችን ፊት ሲያልፉ ሕሊናችን ራሱ አያይዞ አንድ ስለሚያደርጋቸው ብቻ የሚሮጥ መስሎ እንደሚታየን ያስተዋለ ሰው፣ የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን 1,440 ምስል ማለት እንደ ሆነ፣ እነዚህንም ሁሉ አንድ በአንድ በእጅ ሥሎ ለማቅረብ ምን ያህል ትዕግሥት ያስፈልግ እንደ ነበረ ለመገመት አይቸገርም። እርግጥ ነው፣ ሠዓልያኑ ድካማቸውን ለማቃለል ሲሉ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እየደገሙ በማሳየት ቍጥሩን በእኩሌታ መቀነስን ተምረዋል፤ ዳሩ ግን እኩሌታውም ቢሆን 720 ነው።

ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል በ1908 እ.ኤ.አ. «ፋንታስማጎሪ» የተባለችውን፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማትሞላውን ሥራውን ለመፈጸም 700 ያህል ሥዕል ሣለ። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር ደግሞ ከካርቶን በመቀስ እየቈረጠች ያበጀቻቸውን የጥላ ምስሎች፣ ከበታቻቸው ብርሃን አብርታ፣ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰችና በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንዳንድ ፎቶግራፍ እያነሣች ሦስት ዓመት ከደከመች በኋላ፣ የልዑል አሕመድን ጀብዱ የሚተርከውን ረዥም ፊልሟን በ1926 እ.ኤ.አ. ለተመልካች አበቃች። ዋልት ዲዝኒ በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳየውን የ83 ደቂቃ ፊልም፣ «ስኖው ዋይት»ን፣ ለመፈጸም በመቶ የሚቈጠሩ ሠዓልያን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ እነዚያ ሁሉ እጆች አንዲቱን ልጃገረድ በአንድ መልክ እንዲሥሏት ለማድረግም፣ አካሏን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚያሳይ፣ ቁመቷንም ከሌሎቹ ባለታሪኮች ጋር እያስተያየ የሚወስን አንድ ናሙና ወረቀት ለየሠዓሊው ይታደል ነበር። ይህን የናሙና ወረቀት አንባቢ በልቡናው ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኮምፒውተር ወደዚህ ሙያ ከገባ በኋላም ድካሙ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው ረዥም ፊልም፣ «ቶይ ስቶሪ»፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እርሳስና ብሩሽ ከጠረጴዛው ቢነሡም፣ የአሻንጉሊቶቹን አካል የሚቀርጹ፣ መገጣጠሚያ የሚያበጁላቸው፣ ብርሃኑንና ጥላውን የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች በቦታቸው ተተኩ። በአገራችንም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ያስጀመሩት፣ አስቀድሞ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ፣ ቀጭኔዋን ፀሐይን በእጅ የምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት አድርገው ማቅረባቸው፣ ሕፃናትን በአማርኛ ለማስተማር የሚሻ ሰው ገንዘብና ብዙ ሠራተኛ ባይኖረው የራሱን እጅ ከማሰማራት በቀር ሌላ መንገድ እንዳልነበረው ያሳያል።

ዛሬ ግን አንድ ወጣት በስልኩ ላይ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ጽፎ ጥቂት ደቂቃ ቢታገሥ፣ አንበሳ በጫካ ውስጥ ሲራመድ፣ ቅጠሉ በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ጥላውም በሣር ላይ ሲከተለው የሚያሳይ የስምንት ሰከንድ ሥዕል ይቀርብለታል። ይህን ያዩ ብዙ ሰዎች «እንግዲህ ሙያው አበቃ፤ ከዚህ በኋላ ሠዓሊ ምን ያደርጋል?» ሲሉ ይሰማሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ይህን የሚሉት ሰዎች አንዲቱን የስምንት ሰከንድ ሥዕል አይተው ያደነቁ እንጂ ሁለተኛይቱን ከመጀመሪያይቱ ጋር ለማያያዝ ሞክረው የማያውቁ ናቸው፤ ምክንያቱም ይህ አዲስ ሠዓሊ አይደክምም፣ አይከፋም፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ቢጠሩት ይታዘዛል፤ ነገር ግን ትዝታ የለውም። ቅድም የሣላትን ሴት አሁን አያውቃትም። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ አጭር ፊልም ለመሥራት የተነሣ ሰው ዋና ሥራው፣ ስለ ማሽኑ ሆኖ ማስታወስ ነው።

ይህ መርሳት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የአሠራሩን ጥንተ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ ሒሳቡ ረቂቅ ቢሆንም ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ የጠራ ሥዕል ወስደን በላዩ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ እንበትንበታለን፤ ደግመን እንበትናለን፤ ደጋግመንም ስንበትን ቈይተን በመጨረሻው ሥዕሉ ፈጽሞ ጠፍቶ፣ ጣቢያ በማይዝ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው ያለ ጫጫታ ብቻ ይቀራል። ኮምፒውተሩ የሚማረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም በየደረጃው የተበተነው ነጠብጣብ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማንሣትን ነው። ጽሕፈቱ በዘመን ብዛት የደበዘዘ ብራና ፊት የቆመ፣ ዳዊትን ግን በቃሉ የሚያውቅ ደብተራ፣ ከአንዲት የተረፈች ጭረት ተነሥቶ ቃሉን ሁሉ እንደሚያነበው፣ ይህም ማሽን ከየጽሑፋቸው ጋር የተጣመሩ እጅግ ብዙ ሥዕሎች ካየ በኋላ፣ ምንም ሥዕል በሌለበት ጫጫታ ውስጥ የተነገረውን ቃል እየተከተለ ሥዕል ያነብባል። ልዩነቱ ደብተራው በብራናው ላይ በእውነት ተጽፎ የነበረውን ሲያነብ፣ ማሽኑ ግን ከቶ ያልነበረውን ማንበቡ ነው።

ይህ ዘዴ በአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ታስቦ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተሻሻለ በኋላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ዳል-ኢ 2፣ ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊዩዥን የተባሉት መሣሪያዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲወጡ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ። ለሚንቀሳቀስ ሥዕል ሲሆን፣ ማሽኑ አንዱን ምስል ብቻ ሳይሆን የስምንቱን ሰከንድ ምስሎች ሁሉ በአንድነት ያጠራቸዋል፤ ስለዚህም የአንበሳው ጎፈር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምስል ላይ ባብዛኛው ይስማማል። በ2024 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር የታየው ሶራ የተባለ መሣሪያ ዓለሙን ያስደነቀው፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ግንቦት የወጣው የጉግል ቬዮ 3ም ድምፅን ከሥዕሉ ጋር አብሮ በማውጣቱ የተደነቀው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ያቺ የስምንት ሰከንድ ቁራጭ ተፈጽማ ቀጣይዋ ስትታዘዝ፣ ማሽኑ እንደ ገና ከሌላ ጫጫታ ይነሣል፤ ከቀድሞይቱም ቁራጭ እኛ ካላቀበልነው በቀር አንዳች ነገር አይወርስም።

አሁን ነገሩን በተግባር እንየው፤ ለዚህም በአገራችን በብዙ መልክ የሚነገረውን የሴትዮዋንና የአንበሳውን ተረት እንምረጥ። አንዲት ሴት የባሏን ልብ ለመመለስ ወደ አንድ ሽማግሌ ሄዳ መድኃኒት ብትለምነው፣ «የአንበሳ ጸጉር አምጪልኝ» ይላታል፤ እርስዋም በየቀኑ ሥጋ እየያዘች፣ በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ቈይቶም እየቀረበች እየቀረበች አንበሳውን ካላመደች በኋላ ጸጉሩን ነቅላ ትመለሳለች፤ ሽማግሌውም አንበሳን ያላመደ ትዕግሥት ባልን እንዴት ያቅተዋል ብሎ ያሰናብታታል። ይህ ተረት ለአንድ ደቂቃ ፊልም የተመቸ የሚሆነው፣ የታሪኩ ፍሬ በንግግር ሳይሆን በሴትዮዋና በአንበሳው መካከል ባለው ርቀት ላይ ስለሚገኝ ነው፤ ርቀቱ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሲጠብ የተመለከተ ሕፃን፣ ማንም ሳያስረዳው ነገሩ ይገባዋል።

ጀማሪዎች ባብዛኛው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ተረቱን እንዳለ ጽፈው ለማሽኑ ይሰጡና ፊልም ይጠብቃሉ። የሚገባው ግን መሣሪያውን ከመክፈት አስቀድሞ በወረቀት ላይ አራት ማዕዘን እየሠሩ ታሪኩን መክፈል ነው። እንዲህ ያለው ተራኪ ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በ44 ክፍል እየከፈሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ መጽሐፍ እንዲነበብ አድርገው የሚሥሉት የአገራችን ሠዓልያን፣ የሲኒማ ሰዎች ስቶሪቦርድ የሚሉትን ነገር ስሙን ሳይሰሙ ሲሠሩበት ኖረዋል። ከእነርሱ ሸራ አንዱን ቀርቦ ያየ ሰው፣ ንግሥቲቱ በየክፍሉ በአንድ ዘውድና በአንድ ልብስ እየታወቀች እንደምትሄድ፣ ሠዓሊውም አስፈላጊ ያልሆነውን የመንገድ ርዝመት ዘልሎ የሚናገረውን ብቻ እንደ ሣለ ያያል። የእኛም የአንድ ደቂቃ ተረት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ይበቃዋል፤ የማሽኖቹም ልማድ በአንድ ጊዜ ከአምስት እስከ ዐሥር ሰከንድ ማውጣት ስለ ሆነ፣ ክፍፍሉ ከመሣሪያው ዐቅም ጋር ይገጥማል።

ከዚህ በኋላ የባለታሪኮቹን መልክ መወሰን ይመጣል፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው እላለሁ። «ቆንጆ ኢትዮጵያዊት ሴትና አንበሳ» ብሎ የጻፈ ሰው ቆንጆ ሴትና አንበሳ ያገኛል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ቁራጭ ሌላ ቆንጆ ሴት ትመጣለች። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፕሮምፕት የሚሉት ትእዛዝ ይህን የመሰለ ሊሆን ይገባል፦ «ዕድሜዋ ሠላሳ ዓመት ያህል የሆነ፣ ፊቷ ክብ፣ ጸጉሯ ሹሩባ የተሠራ ሴት፤ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች፤ ጥለቱ ቀይና ቢጫ የሆነ ነጠላ በግራ ትከሻዋ ላይ ያጣፋች፤ በቀኝ እጇ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ የያዘች፤ የውሃ ቀለም ሥዕል የሚመስል፤ የማለዳ ብርሃን።» ይህን ጽሑፍ አንዲት ቃል ሳይለውጡ በየቁራጩ መድገም ይገባል፤ «ቀይና ቢጫ» የተባለው በሌላ ቀን «ባለ ቀለም» ቢባል፣ ማሽኑ ያለ ኃፍረት አረንጓዴ ያወጣልና። ከዚያም በላይ የሚሻለው፣ ሴቲቱን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ በአንድ ገጽ ላይ አሥሎ፣ የወደዱትን ምስል መርጦ፣ በየቁራጩ ከቃሉ ጋር ያንን ምስል አብሮ ማቅረብ ነው። የዲዝኒ ሠዓልያን በጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩት የነበረው የናሙና ወረቀት ይኸው ነው፤ በዘጠና ዓመት ውስጥ የተለወጠው ወረቀቱን የሚመለከተው ሠራተኛ ብቻ ነው።

ሌላም ዓይነት መርሳት አለ፤ ይኸውም ማሽኑ አይቶት የማያውቀው ነገር ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን የተማረው በ2022 እ.ኤ.አ. ላዮን-5ቢ በሚል ስም ከወጣው፣ 5.85 ቢሊዮን ሥዕሎችን ከየጽሑፋቸው ጋር ከያዘው ስብስብ ውስጥ ከተመረጠ ክፍል ነው፤ በእንዲህ ያለው ከኢንተርኔት በተለቀመ ማኅደር ውስጥ የፓሪስና የኒው ዮርክ መንገድ በብዛት ሲገኝ፣ የጎጃም ገበያና የሐረር ግንብ ግን እምብዛም ነው። ስለዚህ ጀበና እንዲሥል ቢታዘዝ አንገቱን አሳጥሮ፣ ሆዱን አስፍቶ የፈረንጅ የሻይ ማንቈርቈሪያ ማድረግ ይቀናዋል፤ ነጠላውን የሕንድ ሳሪ ያስመስለዋል፤ ጎጆውንም ከየትኛው የአፍሪካ ክፍል እንዳመጣው ለማወቅ ያስቸግራል። አንበሳው ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢን ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የዚያ ግቢ ወንድ አንበሶች ጎፈር ጠቈር ያለና እስከ ደረታቸው የሚወርድ ነው፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት በቀር በዓለም ፊልሞች የታወቀውን ወርቃማ ጎፈር ያለብሰዋል። እንዲሁም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መልክ እንዲኖረው የሚሻ ሰው፣ ማሽኑ ዓይንን ማተለቅና ቀለምን ማድመቅ ቢያውቅም፣ ጻድቁን በሙሉ ፊትና በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡን ግን በአንድ ጎኑ የማሳየትን የአበው ሥርዓት ይጠብቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባውም። መድኃኒቱ ጀበናውን፣ ነጠላውን፣ አንበሳውን ራስ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወይም ሠዓሊ አሥሎ እንደ ናሙና መስጠት ነው። እዚህ ላይ በእጁ መሣል የሚችል ሰው ከማይችለው ይልቅ እንዴት እንደሚጠቀም ልብ ይሏል።

መልኩ ከተወሰነ በኋላ እንቅስቃሴው ይታዘዛል። የየቁራጩ የመጀመሪያ ምስል ተሠርቶ ለማሽኑ ይሰጥና፣ ከዚያ የሚቀጥለው በጥቂት ቃል ይገለጣል፤ «ሴቲቱ ሥጋውን መሬት ላይ ታኖራለች፤ ካሜራው አይንቀሳቀስም»። በአንድ ቁራጭ አንድ ድርጊት ብቻ ማዘዝ ብልኅነት ነው። ሴቲቱ ሥጋውን አኑራ፣ ዞራ፣ ሮጣ፣ ከዛፍ ጀርባ ተሸሽጋ እንድትመለከት በአንድ ትንፋሽ ቢታዘዝ፣ ሥጋው ወደ እጇ ተመልሶ ይጣበቃል፤ ጣቶቿ ስድስት ይሆናሉ፤ አንበሳውም በሩጫው መካከል አምስተኛ እግር ያወጣል። ተመልካቹ ሕፃን ከሆነ ግን ከፊልሙ ሁሉ አብልጦ የሚደሰትበት ያ አምስተኛ እግር መሆኑን አልክድም።

ይህ ችግር የጀማሪ ብቻ እንዳይመስል፣ በካናዳ የቶሮንቶ ከተማ ፊልም ሠሪዎች፣ ሻይ ኪድስ የተባሉት፣ ሶራ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ተፈቅዶላቸው በ2024 እ.ኤ.አ. የሠሩትን «ኤር ሄድ» የተባለ አጭር ፊልም መጥቀስ ይበቃል። ፊልሙ በጭንቅላቱ ፈንታ ቢጫ ፊኛ ስላለው ሰው የሚተርክ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ የማይሞላ ሥራ ነው። ሲታይ ሁሉ ነገር በራሱ የመጣ ይመስላል፤ ሠሪዎቹ በኋላ እንደ ገለጡት ግን ፊኛው በየቁራጩ ቀለሙን እየለወጠ፣ አንዳንድ ጊዜም በላዩ የሰው ፊት እየወጣበት፣ ብዙ ቁራጭ ደግሞ ሳይታዘዝ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ሆኖ እየመጣ አስቸግሯቸው፣ ቀለሙን በእጃቸው በማረም፣ ያልተፈለገውን በመፋቅና ፍጥነቱን በማስተካከል ነው ያቀኑት። ማሽኑ ካወጣላቸው ሥዕል ውስጥ ለፊልሙ የበቃው፣ በራሳቸው ግምት፣ ከ300 እጅ አንዱ ያህል ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው «ክሪተርዝ» የተባለው የአኒሜሽን ፊልም ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ የጫካው ፍጥረታትና መልክዐ ምድሩ በዳል-ኢ ከተሣሉ በኋላ፣ ያንቀሳቀሷቸው በቀድሞው ልማድ የሠለጠኑ የአኒሜሽን ባለሙያዎች፣ ድምፅ የሰጧቸውም ተዋንያን ነበሩ። ለእኔ ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ጤናማ ይመስለኛል፤ ማሽኑን በሚችለው ቦታ ማሠራት ነውና።

ስለ ድምፅ ብዙ የምለው ባይኖረኝም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማይክሮሶፍት ለአማርኛ ያዘጋጃቸው «መቅደስ» እና «አመሃ» የሚባሉ ሁለት የኮምፒውተር ድምፆች አሉ፤ ጽሑፍ ቢሰጧቸው ያነብባሉ፤ አነጋገራቸውም ለዜና ያህል መጥፎ አይደለም። ይሁን እንጂ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ «አንበሳው ይበላል» የሚለውን ሲያነቡ አንበሳው በላተኛ መሆኑ ቀርቶ ተበዪ የሚሆንበት ጊዜ ሊኖር ይችላልና፣ የተነበበውን እስከ መጨረሻ ማድመጥ፣ የተሳሳተውንም በሌላ ቃል ለውጦ እንደ ገና ማስነበብ ያስፈልጋል። እኔ ግን ተረት ለሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ አያቱን ወይም አክስቱን ከስልኩ አጠገብ ቢያስቀምጥ የሚሻል ይመስለኛል። በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ተወልደው አማርኛን ከቪዲዮ ለሚማሩ ልጆች፣ «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» የሚመለስበትን የአነጋገር ለዛ ማሽኑ አያውቀውም፤ ያቺ አያት ግን ሳታስበው ትሰጠዋለች። ሙዚቃውንም ቢሆን ክራር የሚመታ ጎረቤት ያለው ሰው ከማሽን መለመን የለበትም።

ቁራጮቹን ማያያዝ የተለመደ የኤዲቲንግ ሥራ ስለ ሆነ ካፕካትም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባሉት ፕሮግራሞች የሚፈጸም ነው። ማሳሰብ የሚገባው፣ በፊልሙ ላይ የሚታየው ርእስና ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ጊዜ በእጅ እንዲገባ እንጂ ማሽኑ እንዲሥለው እንዳይተው ነው። ማሽኖቹ በግዕዝ ፊደል ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ከሩቅ ሲያዩት ፊደል የሚመስል፣ ቀርበው ሊያነቡት ሲሞክሩ ግን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በየትኛውም ቤት የማይገኝ ጭረት ያወጣሉ። በትምህርት ቤት ግድግዳ ወይም በሱቅ ማስታወቂያ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ከሥዕሉ በስተኋላ ሲገባ ሳይታወቅ ያልፋልና፣ ቁራጩን አቁሞ ጥግ ጥጉን መመልከት ይገባል።

ወጪውን በሚመለከት፣ የታወቁት መሣሪያዎች የሚከራዩት በወር በዶላር ስለ ሆነ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ለሌለው ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ጠንካራ ኮምፒውተር ላለው፣ አሊባባ በ2025 እ.ኤ.አ. የካቲት በነጻ እንደ ለቀቀው ዋን ያሉ፣ በገዛ ቤት የሚሠሩ ሞዴሎች አሉ፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ግን እንዲሁ በነጻ አይገኝም።

የባለቤትነት ነገር ከዚህ ይልቅ ያከራክራል። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. የካቲት «ዛሪያ ኦፍ ዘ ዶውን» የተባለውን የሥዕል መጽሐፍ መርምሮ፣ የደራሲዋ ጽሑፍና የሥዕሎቹ አቀማመጥ የመብት ጥበቃ እንዲያገኝ፣ ሚድጆርኒ የሣላቸው ሥዕሎች ግን እንዳያገኙ ወሰነ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ጥር ባወጣው ዘገባም ትእዛዝ መጻፍ ብቻውን ሰውን የሥዕሉ ደራሲ እንደማያደርገው ገለጠ። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ አመንጪ የሚለው፣ በአእምሮው ሥራውን ያመነጨውን ሰው ነው፤ ከላይ እንደ ተገለጠው ያለ ሥራ ለፍርድ ቢቀርብ፣ ታሪኩን የከፈለው፣ ናሙናውን የሣለው፣ ከብዙ ቁራጭ አንዱን የመረጠው ማን እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ የታሪኩን ክፍፍል፣ የናሙናውን ሥዕልና የየትእዛዙን ጽሑፍ ቀኑን እየጻፉ ማስቀመጥ፣ ለሥራው መልክ ብቻ ሳይሆን ለመብትም ይጠቅማል።

በሌላ ወገን ማሽኑ የሚያስታውሰው ሁሉ የሌሎች ሰዎች የእጅ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። በ2025 እ.ኤ.አ. መጋቢት ዓለም ሁሉ የየራሱን ፎቶግራፍ በጃፓኑ የጂብሊ ስቱዲዮ የአሣሣል መልክ እያስለወጠ ሲለጥፍ፣ ያ መልክ በእነማን የስንት ዓመት ድካም እንደ ተገኘ ያሰበው ጥቂት ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ ዲዝኒና ዩኒቨርሳል ባለታሪኮቻችንን ያለ ፈቃድ ያወጣል ብለው ሚድጆርኒን ከሰሱ። ትልልቅ ስቱዲዮዎች ጠበቃ አላቸው። በሸራ የሚሥል የአገራችን ሠዓሊ ግን የአሣሣል መልኩ በማሽን ቢወሰድበት ለማን እንደሚያመለክት እንኳ ለማወቅ ይቸገራልና፣ በሕይወት ያለን ሠዓሊ ስሙን ጠርቶ «በእገሌ መልክ ሣልልኝ» ብሎ ማዘዝ፣ ሕጉ ዝም ቢል እንኳ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። የሰውን ፊትና ድምፅ ሳያስፈቅዱ መቅዳትም እንዲሁ።

ፊልሙ ተፈጽሞ ወደ ሕዝብ ሲወጣ በመጨረሻው ላይ የሠሪዎቹ ስም መዘርዘር አለበት። ዩቲዩብ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጋቢት ጀምሮ እውነተኛ የሚመስል ነገር በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሠራ ሰው ይህንኑ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ አኒሜሽን መሆኑ በግልጽ የሚታወቅን ሥራ ግን አያስገድድም። ባያስገድድም መጻፉ ይሻላል። ተረቱን የተናገሩት አያት ስም በመጀመሪያ ይምጣ፤ ቀጥሎ ታሪኩን የከፈለውና ቁራጮቹን ያያያዘው፤ ናሙናውን የሣለው፤ ክራሩን የመታው፤ ከእነርሱ በታች ሥዕሉ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ወርና ዓመት እንደ ተዘጋጀ በአንድ መስመር ይገለጽ፤ ዓመተ ምሕረቱን መርሳት አይገባም፤ መሣሪያዎቹ በየጊዜው እየተለወጡ ስለሚሄዱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊልሙን የሚያይ ሰው የትኛው ስሕተት ከሠሪው፣ የትኛውም ከዘመኑ ማሽን እንደ መጣ የሚለየው በዚያች መስመር ነውና።